ስለ ምሰሶ

አንድ ሰው ቤቱን አስከብሮ፥ ዘመዱን ሰብስቦ፥ ለተቸገረ ደርሶ ኖሮ ከዚህ ዓለም በሞት በተለየ ጊዜ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ስለ እርሱ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ «የቤቱ ምሰሶ ነበረ» ይላል። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና በቋንቋችን ጥቂት ነው። ባለጠጋ ነበረ ቢሉት ሀብቱን ማመስገን ነው፤ ጀግና ነበረ ቢሉት ክንዱን ማመስገን ነው፤ ምሰሶ ነበረ ሲሉት ግን ሌሎች ሰዎች በእርሱ ምክንያት ቆመው እንደ ኖሩ መመስከር ነው።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ይህን ምስጋና ልብ ብለን ብናደምጠው ሁለት ነገር እናገኝበታለን። መጀመሪያው፥ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ «ነበረ» እንጂ «ነው» አለመባሉ ነው፤ የሰውየው ምሰሶነት የታወቀው ከወደቀ በኋላ ነውና። ሁለተኛውም ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ ሰውን በሕይወቱ ሳለ ምሰሶ ብለን በጠራነው ጊዜ ማክበራችን ነው ወይስ ማሸከማችን? ዛሬ ልናወጣውና ልናወርደው ያሰብነው ነገር ይህ ነው።

ነገሩን ከምሳሌው እንጀምር። የአገራችን ባላገር ክብ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ በመካከል ችካል ይተክላል፤ በችካሉም ገመድ አሥሮ ዙሪያውን ይለካል። በዚያም መስመር ጕድጓድ እየቆፈረ የግድግዳውን ቋሚ እንጨቶች ያቆማል፤ በማገርም እያያያዘ በልጥና በሐረግ ያሥራቸዋል። ቤቱ ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ በመካከል ትልቁን ምሰሶ ይተክላል፤ ለዚህም ምስጥ ቶሎ የማይደፍረውን ጽድ ወይም ወይራ ይመርጣል። የጣራው እንጨቶች በላይ በኩል በምሰሶው ራስ ላይ ይገናኛሉ፥ በታች በኩል በግድግዳው ራስ ላይ ያርፋሉ፤ በላያቸውም ማገሩ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ይታሠራል። ከዚያ በኋላ ሣሩ ይከደናል፥ ግድግዳውም በጭድ በቦካ ጭቃ ይመረጋል፥ በመጨረሻም ጉልላቱ ይደፋል።

ወደዚህ ቤት ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው በመካከለኛው ምሰሶ ላይ ነው። ጋሻውና ጠመንጃው የሚሰቀለው በእርሱ ነው፤ ሽማግሌው ጀርባውን የሚያስደግፈው በእርሱ ነው፤ ሕፃኑም ዳዴ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም የሚጨብጠው እርሱን ነው። ስለዚህ እንግዳው ቤቱ በሞላ በዚህ በአንዱ እንጨት ላይ የቆመ ይመስለዋል።

ቤት የሚሠራ ሰው ግን እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃል። የጣራው ክብደት ሁለት መንገድ አለው፤ ከፊሉ በመካከለኛው ምሰሶ በኩል፥ ከፊሉም በግድግዳው ቋሚዎች በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ደግሞም ዘንበል ብለው የወረዱት የጣራ እንጨቶች ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፉታል፤ ግድግዳው እንዳይከፈት አጥብቆ የሚይዘው በሣሩና በጭቃው ውስጥ ተሸፍኖ ማንም የማያየው ማገርና ልጥ ነው። ይህ እውነት መሆኑ የሚታወቀው በትንሿ ጎጆ ነው። ትንሿ ጎጆ መካከለኛ ምሰሶ ሳይኖራት ትቆማለች፤ እንጨቶቹ በላይ እርስ በርሳቸው ራስ ለራስ ይደጋገፋሉና፥ በታችም ማሠሪያው ዙሪያውን እንደ መቀነት ይይዛቸዋልና። ማገርና ልጥ የሌለው ቤት ግን ምሰሶው የወይራ ግንድ ቢሆንም አንድ ክረምት አይከርምም።

በጉራጌ አገር የሚሠራውን ትልቅ ክብ ቤት ያየ ሰው ደግሞ፥ ከመካከለኛው ምሰሶ ወገብ ተነሥተው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ጣራው የሚዘረጉ ደጋፊ እንጨቶችን ያያል። ምሰሶው ብቻውን ሁሉን ልያዝ አይልም፤ ሸክሙን የሚያቀብሉት ብዙ እጆች አሉት። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት የዶርዜ ሰዎች ቤትም ከዚህ የሚለይ ትምህርት ይሰጣል። ዶርዜዎች በሸማ ሥራ የታወቁ ናቸው፤ ቤታቸውንም እንደ ትልቅ ቅርጫት በቀርከሃ ይሸምኑታል። ኀይሉ በአንድ እንጨት ላይ የተጣለ አይደለም፤ በሽመናው ነው። ምስጥ ከሥር እየበላው በሄደ ቁጥር የተበላው ክፍል ይቈረጣል፥ ቤቱም በየጊዜው እያጠረ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ባስፈለገም ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ሲኖሩበት የሸከማቸውን ቤት እነርሱ ደግሞ በተራቸው ይሸከሙታል ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ነገር አይተውት ነው።

አሁን ከመኖሪያ ቤት ወደ ቤተ እግዚአብሔር እንለፍ። ክብ ሆኖ የተሠራው ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስት፥ መቅደስ ተብሎ እንደሚከፈል ካህናት ያውቃሉ። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ያጌጠ፥ በመጋረጃ የተሸፈነ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ግን ከውጭው ግድግዳ በስተ ውጭ ዙሪያውን የቆሙና የጣራውን ክፈፍ የተሸከሙ የበረንዳ ምሰሶዎች አሉ። ለእነዚህ ሥዕል የሣለላቸው የለም። ዝናም አስቀድሞ የሚያገኛቸው እነርሱን ነው፤ ፀሐይ የሚሰነጥቃቸው እነርሱን ነው፤ መበስበስም ቢመጣ ከእግራቸው ይጀምራል። ነገር ግን ወደ ውስጥ ያልገባው ምእመን፥ ዓይነ ስውሩና በሽተኛው፥ ከሩቅ መጥታ የደከመችውም አሮጊት ሥርዓተ ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ የሚደገፉት በእነርሱ ነው። ውስጥ ያለው መዘምር መቋሚያውን ይደገፋል፤ ውጭ ያለው ድኻ የበረንዳውን ምሰሶ ይደገፋል። ሁለቱም አንዱን ቅዳሴ ይሰማሉ።

እንግዲህ በእያንዳንዱ አጥቢያ የበረንዳ ምሰሶ ማን እንደ ሆነ እንመርምር። ሌሊት ተነሥቶ ደወል የሚደውለው ነው፤ በቤተ ልሔም ተግቶ መገበሪያውን የሚያዘጋጀው ነው፤ በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቈጥረው የኔታ ነው፤ ግቢውን የሚጠርገውና የሚጠብቀው ነው። እነዚህ በበዓል ቀን ስማቸው አይጠራም። አንዱ በታመመ ጊዜ ግን ደወሉ ዝም ይላል፥ ሕፃናቱም ይበተናሉ፤ ያን ጊዜ ክፈፉ በማን ላይ ቆሞ እንደ ነበረ ይታወቃል።

በላሊበላ ያሉት ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ስለ ምሰሶ የሚነግሩን ሌላ ምሥጢር አላቸው። በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ የቆሙትን አዕማድ፥ በቤተ ማርያምም ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚከበረውን ዓምድ ያየ ሰው ይህን ልብ ይበል። እነዚህን አዕማድ በመጀመሪያ በተሠሩ ጊዜ ማንም ከሌላ ስፍራ አምጥቶ አላቆማቸውም። ሠሪው በዙሪያቸው የነበረውን ዓለት ሁሉ ቈርጦ አወጣ፤ ምሰሶ ሆነው የቀሩት ያልተወሰዱት ናቸው። አንድ ዓምድ ዓምድ የሆነው ጎረቤቶቹ ከአጠገቡ ስለ ተነሡ ነው። በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው። ብዙ የቤት ምሰሶ ተመርጦና ተሹሞ የቆመ አይደለም፤ ወንድሞቹ በጦርነት፥ በበሽታ፥ በስደት ከአጠገቡ ሲወሰዱ እርሱ ቀረ፤ በመቅረቱም ጣራው በእርሱ ላይ ዐረፈ።

በዚያው በላሊበላ መደገፍ ራሱ ጥበብ እንደሚሻ የሚያስተምር ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹን ከዝናምና ከፀሐይ ለመጠበቅ በትልልቅ የብረት ምሰሶዎች ላይ የቆሙ መጠለያዎች ተሠሩ። የሠሩት ለደግ ነገር አስበው ነው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን የአገሩ ሰዎችና ካህናቱ መጠለያው ራሱ እንዳይወድቅባቸው ክብደቱም ዓለቱን እንዳይጎዳው ይፈሩ ጀመር፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ አቤቱታውን አሰማ። ከዚህ የምንማረው፥ የሚደግፍ ሰው የሚደገፈውን ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚገባው ነው። ሳይጠይቁና ሳይመረምሩ የሚያቆሙት ድጋፍ ሌላ ሸክም ሊሆን ይችላልና።

አሁን እኔ ራሴ ያየሁትን ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እርሱ ነውና። በእናቴ አባት ቤት መካከል የቆመ ታላቅ ምሰሶ ነበረ። ከጢሱና ከእጅ ብዛት የተነሣ ጠቍሮ እንደ ተወለወለ ቀንድ ያበራ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ ክዳኑን ሊያድስ የመጣ ሠሪ ገና ሥራውን ሳይጀምር መጥረቢያውን ገልብጦ በመዶሻው በኩል ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ እየመታ ጆሮውን ጣል አደረገ። ከዚያም «ይህ ምሰሶ ሞቷል» አለ። አጎቴ ተቈጥቶ፥ «አባቴ ያቆመው ምሰሶ ነው፤ ምን አየህበት?» አለው። ሠሪውም፥ «ጌታዬ፥ ያቆሙትን አላማሁም፤ ድምፁን ሰምቼ ነው» አለና ጩቤውን አውጥቶ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ወጋው። ጩቤው እስከ እጀታው ገባ። ምስጡ ከሥር ገብቶ ውስጡን በልቶ፥ ላዩን ብቻ እንደ ቅል ትቶት ኖሯል።

ያን ጊዜ ዘመድ ሁሉ ተጠራ። አንዱ ጽድ ቈርጦ አመጣ፤ አንዱ ባላ አመጣ፤ ባላዎቹን በምሰሶው ግራና ቀኝ አቁመው የጣራውን ክብደት ወደ እነርሱ አሳለፉት፤ አሮጌውን አውጥተው አዲሱን ተከሉ። ቤቱ አልፈረሰም፤ ከግድግዳው አንድ ቋሚ እንኳ አልተነቀነቀም። ማታ ምግብ ቀርቦ ሁሉም እየበላ በሠሪው ጆሮ ይደነቅ ነበር።

ያን ምግብ ያቀረበችልን አክስቴ ነበረች። ወንድሞቿና እኅቶቿ ከሞቱትና ከተበተኑት በኋላ ከአረጋውያን ወላጆቿ ጋር በቤቱ የቀረች እርሷ ናት፤ የሾማትም አልነበረም። የታመመ ወደ እርሷ ይመጣል፤ ያዘነ ወደ እርሷ ይመጣል፤ በከተማ የምንማረውም ገንዘብ ሲቸግረን የምንልከው ወደ እርሷ ነበር። ሁላችንም «የቤታችን ምሰሶ» እንላት ነበር፤ እንዲህ ስንላትም ያከበርናት ይመስለን ነበር። «እንደምን አለሽ?» ስንላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለናለች፤ እኛም ይህን ሰምተን እናልፋለን። ምሰሶው ከተለወጠ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ሞተች። ዕቃዋ ሲሰበሰብ በዳዊቷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ፤ ከመሞቷ ከአንድ ዓመት በፊት ሐኪም የጻፈላት፥ ያልተገዛ የመድኃኒት ትእዛዝ ነበር። ቀኑን አየሁት። ለእኔ ለትምህርቴ የለመንኋትን ገንዘብ የላከችልኝ በዚያው ወር ነው።

ለደረቁ እንጨት ጆሮ የሰጠ ሠሪ ተገኘለት፤ ለእርሷ ግን ከዘመዶቿ መካከል አንድ ሰው አልተገኘም። ይልቁንም በለቅሶዋ ቀን ሁላችን ተሰብስበን በደጅዋ ድንኳን ተከልን። ምሰሶ ከወደቀ በኋላ የድንኳን ምሰሶ ለመትከል የምንፈጥን ሰዎች ነን። ዕድራችን ለሞተው መልካም ነው፤ ለሚኖረው ዕድር ግን የት አለ?

በዚህ ነገር ላይ የሚቃወም ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ምሰሶ ዝም ብሎ መሸከም ነው ተግባሩ፤ ደከመኝ ካለ ምሰሶ አይደለም። ጌታችንም መስቀሉን ተሸክሞ እንድንከተለው አዘዘን እንጂ ሸክማችንን እንድንቈጥር አላዘዘንም»። ይህ ቃል ከፊሉ እውነት ነው። ሸክሙን ወዶ የሚሸከም ሰው ማጉረምረም እንደማይገባው የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ የተሸካሚው ሕግ ነው እንጂ የአሸካሚው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ትዕግሥት ለሚታገሠው ሰው ጽድቅ ነው፤ በሌላው ሰው ትዕግሥት ላይ ተኝቶ ማንኮራፋት ግን ጽድቅ አይደለም።

መጻሕፍትም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሙሴ የእስራኤል ሁሉ ምሰሶ ነበረ፤ ነገር ግን ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ሰልፍ እጆቹ በዛሉ ጊዜ አሮንና ሖር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፥ በግራና በቀኝ ሆነውም እጆቹን እስከ ማታ ደገፉ። ጥቂት ቈይቶም አማቱ ዮቶር ሙሴ ብቻውን ከጧት እስከ ማታ ሲፈርድ አይቶ ይህ ሥራ አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ ሸክሙን እንዲያካፍል መከረው። ሙሴም ምክሩን ሰማ፤ ክብሬ ተነካ አላለም። በጋዛ የነበረው የዳጎን ቤት ግን በሁለት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ነበር፤ ሶምሶን ሁለቱን በያዘ ጊዜ ሺዎች የተሰበሰቡበት ቤት ባንድ ጊዜ ወደቀ። ብዙ ሰው በጥቂት ምሰሶ ላይ ማስቀመጥ ለጠላት ሥራውን ማቅለል ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው በአንዱ መልእክት ሦስት ነገር አስተማረ። ያዕቆብና ኬፋ ዮሐንስም እንደ አዕማድ የሚታዩ መሆናቸውን ተናገረ፤ ወዲያው ግን በአንጾኪያ ኬፋን ፊት ለፊት እንደ ተናገረው ጻፈ፤ በመጨረሻም እርስ በርሳችን ሸክማችንን እንድንሸካከም፥ እያንዳንዱም የራሱን ሸክም እንዲሸከም አዘዘ። ዓምድ ተብሎ መከበር ከመመርመር እንደማያድን፥ መመርመርም ክብርን እንደማያፈርስ ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል? ደግሞም አባቶቻችን ሃይማኖታችንን ሲያስተምሩን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፥ ማለት ምሥጢረ ሥላሴን፥ ምሥጢረ ሥጋዌን፥ ምሥጢረ ጥምቀትን፥ ምሥጢረ ቍርባንን፥ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን አንዱን ከአንዱ ሳይለዩ ነው። ምእመኑ በጥርጥር እንዳይወድቅ የሚደግፉት የተያያዙ አዕማድ ናቸው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ሰውን ምሰሶ ብሎ መጥራት ብቻውን ክብር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሸክምን በመልካም ቃል አስጊጦ መጫን ነው። ክብር የሚሆነው ሁለት ነገር ሲጨመርበት ነው። አንደኛው ማገር መሆን ነው፤ ሁሉም ምሰሶ ሊሆን አይችልም፥ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ ጣራው እንዳይከፈት መያዝ ግን ለሁሉም ይቻላል። ሁለተኛው ምሰሶውን መትቶ ማድመጥ ነው።

ለዚህም መዶሻ አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን ሰላምታን ሰጥተውናል። በአገራችን ሰላምታ ረዥም ነው፤ እንደምን አደሩ፥ ደኅና ነዎት ወይ፥ ልጆች እንደምን ናቸው፥ ከብቱ እንደምን ነው እያልን ደጋግመን እንጠይቃለን። የዛሬ ሰው ይህን ጊዜ ማጥፋት ያደርገዋል። እኔ ግን ሠሪው ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ እየደጋገመ የመታውን ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ መትቶ መፍረድ አይቻልምና። ሙሉው ሰውም ውስጡ የተበላው ሰውም የሚመልሱት ቃል አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ማለታቸውም ተገቢ ነው። ልዩነቱ ያለው በቃሉ ሳይሆን በድምፁ ነው። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በበረንዳው ሥር ጥቂት እንቁም፤ ደዋዩን፥ የኔታን፥ እኅታችንን፥ በቤታችን ሁሉን የተሸከመውን ሰው እንደምን ነህ፥ እንደምን ነሽ እንበል፤ መልሱንም ሳንሰማ አንለፍ።

የድካማችንን ልክ የሚያውቅ፥ ሸክማችንንም ሁሉ በመስቀሉ የተሸከመ አምላክ የቆሙትን ያጽናልን፥ የዘመሙትን ያቅናልን፤ ለእኛም የሚያደምጥ ጆሮ ያድለን። አሜን።